«ጮኸ» የተባለው ግሥ፤ ፍቺውና አገባቡ

ከዚህ በታች የቀረቡትን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች በመጀመሪያ በልባችሁ፣ ቀጥሎም ድምፃችሁን አሰምታችሁ አንብቡ።

ሴትዮዋ ጮኸችለት።
ሴትዮዋ ጮኸችበት።
ሴትዮዋ ጮክ ብላ ጠራችው።

ሦስቱም ስለ አንዲት ሴትና ስለ አንድ ልጅ የተነገሩ ናቸው እንበል። በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ሴትዮዋ የልጁ ተከራካሪ ናት፤ ልጁ ሲበደል አይታ ሰው እንዲደርስለት ድምፅዋን አሰምታለች። በሁለተኛው ግን ልጁን የምታስደነግጠው እርስዋው ራስዋ ናት። በሦስተኛው ከድምፅዋ ከፍታ በቀር ስለ ሴትዮዋ ስሜት የምናውቀው ነገር የለም፤ ልጁ ርቆ ስለ ነበረ እንዲሰማት ብላ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ደግሞ እንደገና ተመልከቱ። ግሡ አንድ፣ ባለቤቲቱም አንዲት ሆና ሳለ፣ ተከራካሪዋን ከበዳይዋ የለየችው አንዲት ፊደል ናት።

በዚህ ትምህርት «ጮኸ» የተባለውን ግሥ አጻጻፍ፣ እርባታና ፍቺ እንመለከታለን። ግሡ ሁላችሁም ከሕፃንነታችሁ ጀምሮ የምታውቁት ስለ ሆነ ምን ትምህርት ያሻዋል የሚል ሊኖር ይችላል። ይሁን እንጂ በየድርሰታችሁ ላይ አብዝቶ የሚገኘው፣ ያለ ቦታውም አብዝቶ የሚገባው እንዲህ ያለው የታወቀ ቃል ነው። ያልታወቀ ቃል ሲያጋጥማችሁ መዝገበ ቃላት ትገልጣላችሁ፤ የታወቀውን ግን ማንም አይመረምረውም።

አጻጻፉና እርባታው

«ጮኸ» ሁለት ፊደል ብቻ ያለው አጭር ግሥ ነው። «ጨ»ም ሆነ «ኸ» በግዕዝ ፊደል ገበታ ውስጥ አይገኙም፤ አማርኛ የራሱን ድምፆች ለመጻፍ ሲል የጨመራቸው ናቸው። «ጨ» ከ«ጠ»፣ «ኸ» ደግሞ ከ«ከ» መልክ እንደ ወጡ ቅርጻቸውን በማየት ብቻ መረዳት ይቻላል።

በተማሪዎች ደብተር ላይ ይህ ግሥ «ጮሀ»፣ «ጮሐ»፣ «ጮኀ» እየተባለ ተጽፎ ይገኛል። ከእነዚህ አጻጻፎች ይልቅ «ጮኸ» የሚለው የሚመረጥበት ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው የንባብ ምክንያት ነው። በፊደል ገበታችን «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» በግዕዙ ማለትም በአንደኛው ቤት ቢጻፉም በአማርኛ የሚነበቡት እንደ ራብዕ ነው፤ «ሀገር» ስንል የምናሰማው ድምፅ «ሃ» ነው። የግዕዙን ድምፅ ጠብቆ የሚነበበው «ኸ» ብቻ ነው። እንግዲህ «ጮሀ» ብሎ የጻፈ ሰው ጽሑፉ እንደ ተጻፈ ሲነበብ «ጮሃ» ይሆንበታል፤ እንዲህ ያለ ግሥ ደግሞ የለንም።

ሁለተኛው ምክንያት የሥር ምክንያት ነው። «ጮክ ብለህ አንብብ» በምንልበት ጊዜ የግሡ መጨረሻ ፊደል «ክ» ሆኖ ብቅ ይላል። «ከ» እና «ኸ» በአማርኛ ሲወራረሱ የኖሩ ፊደላት ናቸው፤ በአንዳንድ አካባቢ ሽማግሌዎች «ከቤት» ለማለት «ኸቤት» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። «ጮክ» በተባለው ቃል ውስጥ ያለው «ክ» የሚያመለክተን የ«ጮኸ» መጨረሻ ከ«ሀ» ወገን ሳይሆን ከ«ከ» ወገን መሆኑን ነው።

በዚህም መሠረት በዚህ መጽሐፍ ውስጥ «ጮኸ፣ ይጮኻል፣ ይጩኽ፣ ጩኽ፣ ጮኾ፣ መጮኽ» እያልን እንጽፋለን። በጋዜጦችና በብዙ መጻሕፍት ላይ «ይጮሃል»፣ «መጮህ» የሚል አጻጻፍ ታገኛላችሁ፤ በንባብ ጊዜ ልዩነት ስለማያመጣ እንደ ከባድ ስሕተት አይቈጠርም። ነገር ግን በአንድ ድርሰት ውስጥ አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው በእርሱ ጽኑ።

የግሡ እርባታ እንደ «ቆመ» ነው። ቆመ፣ ይቆማል፣ ቁም፣ ቆሞ፣ መቆም እንደምንል ሁሉ፣ ጮኸ፣ ይጮኻል፣ ጩኽ፣ ጮኾ፣ መጮኽ እንላለን። ከ«ቆመ» «ቋሚ» እንደሚወጣ ከ«ጮኸ»ም «ጯኺ» ይወጣል። ከ«ቆመ» «ቁመት» የተባለው ስም እንደሚገኝ እንዲሁ ከ«ጮኸ» «ጩኸት» ይገኛል። ሰዎች እርስ በርሳቸው ድምፅ ሲያሰሙ «ተጯጯኹ» ይባላል፤ ይህ ቃል ብዙውን ጊዜ ጠብን ያመለክታል። በደስታ ድምፅ ያሰሙትን «ተጯጯኹ» ብትሏቸው አንባቢያችሁ የተጣሉ ይመስለዋል።

ግሡ ተሳቢ የማይሻ ስለ ሆነ «ልጁን ጮኸው» አይባልም። ተደራጊው «ተጮኸ» የሚነገረው ባለቤቱ ሳይጠቀስ ነው፤ «ስንት ተጮኸ፣ የሰማ ግን የለም» እንደሚባለው ዐይነት። አስደራጊውን በሚመለከት ጥቂት ማስታወስ የሚገባን ነገር አለ። «አስጮኸ» የሚለው ሌላው እንዲጮኽ ማድረግን ያሳያል፤ «ልጁን ቆንጥጦ አስጮኸው» ይባላል። «አጮኸ» የሚለው ደግሞ በእጅ የያዙትን ዕቃ ድምፅ እንዲሰጥ ማድረግ ሲሆን ይበልጥ የሚሰማው በጅራፍ ነው። በነሐሴ 13 ቀን በሚውለው በቡሄ ሰሞን ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ። በዛሬው አነጋገር «ጅራፍ አስጮኸ» ቢባልም ስሕተት ነው ለማለት አልደፍርም፤ ሆኖም «አጮኸ» የሚለው ቃል እንዳይጠፋ በድርሰታችሁ ብታገቡት ደስ ይለኛል።

ማን ይጮኻል? ምንስ ይጮኻል?

የ«ጮኸ» መሠረታዊ ፍቺ ከልክ ከፍ ያለ ድምፅ አሰማ ማለት ነው። ድምፅ አሰሚው ሰው ሊሆን ይችላል፤ እንስሳም ዕቃም ሊሆን ይችላል።

ከእንስሳት መካከል ይህ ግሥ የራሳቸው የሆነላቸው አሉ። ውሻ ይጮኻል፤ ጅብ ይጮኻል፤ ቁራ ይጮኻል፤ አውራ ዶሮ ይጮኻል። ሌሎቹ ግን የየራሳቸው ግሥ ስላላቸው ሁሉንም በ«ጮኸ» መጠቅለል የቋንቋውን ሀብት ማባከን ነው። አንበሳ ያገሳል፤ አህያ ያናፋል፤ ፈረስ ያሽካካል፤ ኮርማ ያጓራል፤ ላም እምቧ ትላለች፤ ሴት ዶሮ ታስካካለች፤ ወፎች ይንጫጫሉ። ውሻም ቢሆን ሁልጊዜ አይጮኽም፤ ሌሊት ድምፁን እየጎተተ እንደሚያለቅስ ሲያሰማ «ያላዝናል» እንጂ «ይጮኻል» አይባልም። በገጠር ያደጋችሁ ተማሪዎች ከዚህ የበለጠ ስለምታውቁ በከተማ ላደጉት ጓደኞቻችሁ አስረዷቸው። ከእነዚህ ግሦች አንዳንዶቹ ከከተማ ልጆች አፍ እየጠፉ ነው።

ስለ አውራ ዶሮ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። «ዶሮ ጮኸ» የሚለው ሐረግ ድምፅን መግለጹ ቀርቶ ጊዜን የሚገልጽበት አገባብ አለ። ሰዓት በየቤቱ ባልነበረበት ዘመን መንገደኛ የሚነሣው፣ እህል ፈጭታ የምታድር ሴትም ወፍጮዋ ላይ የምትቀመጠው በዶሮ ጩኸት ነበር። «ዶሮ ሳይጮኽ ወጣን» ማለት ገና በድቅድቅ ጨለማ ተነሣን ማለት እንጂ በቤታችን ዶሮ ነበረ ማለት አይደለም። እንዲሁም «ዶሮ ጮኸብን» ስንል ጊዜው ሄደብን፣ ዘገየን ማለታችን ነው። ይህ አነጋገር ለትረካ ድርሰት ይስማማል፤ ለሪፖርት ግን አይሆንም። በሪፖርት ውስጥ «ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ» በሉ።

ዕቃዎችን በሚመለከት ጥይት ይጮኻል፤ መብረቅ ይጮኻል፤ የመኪና ጡሩምባ ይጮኻል። ነገር ግን በልማድ የታወቀ ግሥ ያላቸውን መሣሪያዎች በየግሣቸው መጥራት ይገባል፤ ነጋሪት ይጎሰማል፣ ዋሽንት ይነፋል፣ በገና ይደረደራል፣ ደወል ይደወላል። የሰው አካልም ሳይቀር ይጮኻል። «ጆሮዬ ይጮኻል» የሚል ሰው ከውጭ ያልመጣ፣ ለእርሱ ብቻ የሚሰማ ድምፅ አለ ማለቱ ነው። «ሆዴ ይጮኻል» የሚለውን ደግሞ ከምሳ ሰዓት በፊት ባለው ክፍለ ጊዜ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

«ለ» እና «በ»

አሁን ወደ ትምህርቱ ዋና ክፍል ደርሰናል። በአማርኛ «ለ» ጥቅምን፣ «በ» ደግሞ ጉዳትን ሊያመለክት እንደሚችል ባለፉት ትምህርቶች ተምራችኋል። ፈረደለት፣ ፈረደበት፤ መሰከረለት፣ መሰከረበት፤ ዘነበለት፣ ዘነበበት። «ጮኸ» በዚሁ ሥርዐት ውስጥ የሚገባ ግሥ ነው። «ጮኸለት» ስለ እርሱ ብሎ፣ በእርሱ ፋንታ ድምፁን አሰማ ማለት ሲሆን፣ «ጮኸበት» እርሱን ለማስደንገጥ፣ ለመገሠጽ ወይም ለማዋረድ ድምፁን አነሣበት ማለት ነው።

«ለ» ሌላም አገባብ አላት። «ለዳኛ ጮኸ»፣ «ለመንግሥት ጮኸ» ሲባል ዳኛውም መንግሥትም ተጠቃሚ አይደሉም፤ ሰሚ ናቸው። በዚህ አገባብ «ጮኸ» ከድምፅ ከፍታ ተላቆ «አቤት አለ»፣ «በደሉን አሰማ» የሚል ፍቺ ይይዛል። አቤቱታውን በጽሑፍ ያቀረበ፣ አንዲት ቃል ያልተነፈሰ ሰው እንኳ «ሦስት ዓመት ሙሉ ጮኽሁ» ይላል። «የሕዝብ ጩኸት» የሚለውም ሐረግ ከዚሁ የመጣ ነው። «አቤቱታ» የተባለው ቃል ራሱ ከ«አቤት» የወጣ መሆኑን ልብ በሉ፤ በቋንቋችን ፍትሕን መጠየቅና ድምፅን ማሰማት ከጥንት ጀምሮ የተቆራኙ ነገሮች ናቸው።

ቁርኝቱ ከቃል ያለፈ ነበር። ከ1769 እስከ 1771 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የቆየው የስኮትላንድ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ በጻፈው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ፣ በጎንደር በቤተ መንግሥቱ አጠገብ ተበደልን የሚሉ ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለንጉሡ ሲጮኹ መስማት የዘወትር ነገር እንደ ነበረ ያወሳል። ይልቁንም የሚያስደንቀው ቀጥሎ የሚለው ነው። ክረምት ገብቶ ባለ ጉዳይ ሲጠፋ፣ ንጉሡ በጸጥታው ብቸኝነት እንዳይሰማው ተብሎ ሳይበደሉ እንደ ተበደሉ ሆነው የሚጮኹ ሰዎች ይዘጋጁ ነበር ይላል። እነዚህን ሰዎች በየትኛው አገባብ እንግለጻቸው? «ለንጉሡ ጮኹ» ብንል እውነት ነው፤ «ለንጉሡ» ያልነው ግን ንጉሡ ሰሚ ስለ ሆነ ነው ወይስ ተጠቃሚ? በእውነተኛው ባለ ጉዳይ ጩኸት ውስጥ «ለ» ሰሚውን ታመለክታለች። በቅጥረኛው ጩኸት ውስጥ ደግሞ ተጠቃሚውን ታመለክታለች። ዐረፍተ ነገሩ በመልኩ አንድ ነው። ቆይታችሁ አስቡበት፤ በክፍል ውስጥ ብትከራከሩበትም መልካም ነው።

«ጮክ አለ»

«ጮክ አለ» ከ«ጮኸ» ቢወለድም ፍቺው ሌላ ነው። ድምፅን ከፍ ማድረግን ብቻ ይገልጻል፤ ቁጣም ድንጋጤም ልመናም የለበትም። ስለዚህም ብቻውን ሆኖ ዐረፍተ ነገር መዝጋት አይወድም፤ «ጮክ ብሎ አነበበ»፣ «ጮክ ብላ መለሰች»፣ «ጮክ ብለን ዘመርን» እየተባለ ከሌላ ግሥ ፊት ይቀድማል። ተቃራኒው «በለሆሳስ» ነው። መምህራችሁ «ጮክ በል፣ አልሰማሁህም» ቢልህ እንድትቆጣ አላዘዘህም።

ይህን ልዩነት ችላ ማለት ምን እንደሚያስከትል እኔ የተማርሁት በተማሪ ላይ ከደረሰ ጉዳት ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር፤ የሥነ ሥርዐት ኮሚቴ አባልም ነበርሁ። በሰኔ መግቢያ ላይ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ መምህሩን ደፍሯል ተብሎ ተከሰሰ። የክፍሉ አለቃ በምስክርነት የጻፈው ጽሑፍ ቀረበልን። «መምህሩ ጥያቄ ጠየቁት፤ እርሱም ሦስት ጊዜ ጮኸባቸው» ይላል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ልጁ ተጠርቶ ሲጠየቅ «አልደፈርሁም» ከማለት በቀር የሚለው አጣ፤ የደነገጠ ልጅ እንዲሁ ነው። የዐሥር ቀን ቅጣት ተወሰነበት። እኔም ፈረምሁ። በዚያ ዐሥር ቀን ውስጥ የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ተሰጥቶ አለፈ፤ ልጁም ዘጠነኛ ክፍልን ደገመ።

በተከታዩ ዓመት ያ የክፍል አለቃ ዐሥረኛ ክፍል ገብቶ የእኔ ተማሪ ሆነ። አንድ ቀን «ጮኸ» እና «ጮክ አለ» ያላቸውን ልዩነት ሳስረዳ እጁን አወጣ። «መምህር፣ እኔ አምና ለመጻፍ የፈለግሁት ጮክ ብሎ መለሰላቸው ለማለት ነበር» አለኝ። ነገሩን እንዲያብራራልኝ ጠየቅሁት። ለካ የዚያን ቀን ኃይለኛ ዝናብ የክፍሉን ቆርቆሮ እየደበደበው ነበር። ልጁ የተቀመጠው በመጨረሻው ረድፍ ነው። መልሱን ቢናገር መምህሩ «ምን አልህ?» አሉት፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው፤ አሁንም አልተሰማም። ሦስተኛ ጊዜ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲናገር ዝናቡ ድንገት አባራ፤ ድምፁም በጸጥታው መካከል ነጐደ። ተማሪው ሁሉ ሳቀ። መምህሩ የተሳቀው በእርሳቸው ላይ መሰላቸው።

ያ ምስክርነት ሐሰት አልነበረም። የክፍሉ አለቃ ያየውንና የሰማውን ነበር የጻፈው፤ ክፋትም አልነበረበትም። ነገር ግን «ጮክ ብሎ መለሰላቸው» በሚለው ፋንታ «ጮኸባቸው» ብሎ ጻፈ፤ «ለ» የነበረችው «በ» ሆነች፤ «መለሰ» የሚለው ግሥም ጠፋ። ስለ ዝናቡም አንድ ቃል አልጻፈም። በኮሚቴው ውስጥ የነበርነውም አምስት ሰዎች፣ አንዱም የአማርኛ መምህር፣ «ለምን ጮኸ?» ብለን አልጠየቅንም፤ «ጮኸባቸው» የሚለው ቃል ምክንያቱን ከነጥፋቱ ይዞ ስለ መጣ የሚጠየቅ ነገር ያለ አልመሰለንም።

ከ«ጮኸ» ጎን የሚቆሙ ግሦች

ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያሰማበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ለየምክንያቱም አማርኛ ቃል አለው። አደጋ የደረሰበት ወይም ያየ ሰው ኡኡ ይላል፣ እሪ ይላል፤ ኡኡታውን የሰማ ጎረቤት ደግሞ ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ እንኳ ከቤቱ ይወጣል። ኀዘን የደረሰበት ዋይ ይላል። ደስ ያላት ሴት እልል ትላለች። የተቆጣ ሰው በሌላው ላይ ያንባርቃል። እወጋለሁ እገድላለሁ እያለ ራሱን የሚያሞቅ ሰው ይደነፋል። ጓደኛውን ከሩቅ የሚፈልግ ይጣራል። የታመመ ያቃስታል፤ ይህ ግን ድምፁ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ከዚህ ወገን አይደለም። የብዙ ሰው ድምፅ ሲደባለቅና ቃሉ ሳይለይ ሲቀር ጫጫታ ወይም ሁካታ ይባላል፤ ጩኸት ግን ከአንድ ሰውም ሊወጣ ይችላል።

የሚከተለውን አንቀጽ ተመልከቱ።

«ሌሊት ውሻው ጮኸ። ላሚቱም ጮኸች። እናቴ ወጥታ ጅቡን ስታይ ጮኸች። ጎረቤቶች እየጮኹ መጡ። ጅቡ ሸሸ፤ ሴቶቹም ጮኹ።»

በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ላይ ሴቶቹ የጮኹት ደስ ብሏቸው ነው ወይስ ጅቡ ጉዳት አድርሶ ሄዶ? አንባቢው ሊያውቅ አይችልም። አሁን ደግሞ ይህን አንብቡ።

«ሌሊት ውሻው ይጮኽ ጀመር። ላሚቱም እምቧ አለች። እናቴ ወጥታ ጅቡን ስታይ እሪ አለች። ጎረቤቶች እየተጠራሩ ደረሱ። ጅቡ ሸሸ፤ ሴቶቹም እልል አሉ።»

ውሻው እንደ ጮኸ መቅረቱን ልብ በሉ፤ የራሱ ግሥ ስለ ሆነ መለወጥ አላስፈለገውም። አንዳንድ ተማሪዎች ቃል እንዳይደገም የተነገራቸውን ምክር ከመጠን በላይ ይዘው፣ ውሻውን «አስተጋባ»፣ «ድምፁን ለጨለማው ለገሠ» ሲሉ ይገኛሉ። እንዲህ ያለው ጌጥ ከድግግሞሹ የባሰ ነው። ቃሉ ቦታው ከሆነ ሁለት ጊዜም ሦስት ጊዜም ይግባ።

በአነጋገር ዘይቤ

«ጩኸት» የገባባቸው አነጋገሮች ብዙ ናቸው፤ እዚህ ሦስቱን ብቻ እናያለን። «የቁራ ጩኸት ሆነ» ሲባል ሰሚ አጣ፣ ከንቱ ቀረ ማለት ነው። ቁራ ቀኑን ሙሉ ስለሚጮኽ ማንም ቀና ብሎ አያየውም።

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር በድሎ ሳለ ተበደልሁ የሚለውን ሰው ይነቅፋል። ምሳሌው የተመሠረተው በእውነተኛ ነገር ላይ ነው። ጅራፍ ሲገርፍ ድምፁ የሚወጣው ከተገራፊው ሳይሆን ከራሱ ከጅራፉ ጫፍ ነው።

ሦስተኛው «ጩኸቴን ቀሙኝ» የሚለው ነው። ከሁለተኛው ጋር የሚመሳሰል ቢሆንም ተናጋሪው ይለያል፤ ጅራፉን የሚጠቅሰው ከውጭ ሆኖ የሚታዘብ ሰው ሲሆን፣ «ጩኸቴን ቀሙኝ» የሚለው ተበዳዩ ራሱ ነው። ገና ኡኡ ሊል አፉን ሲከፍት በዳዩ ቀድሞት ጮኾ የሰፈሩን ሰው ሰበሰበ፤ የመጡትም ሰዎች በቀደመው ጩኸት ፈረዱ። ቃሉ «ቀሙኝ» መሆኑን ተመልከቱ፤ ጩኸት እንደ ንብረት፣ እንደ ገንዘብ ተቆጥሮ የሚቀማ ነገር ሆኗል። አንድ ሰው ሀብቱን ቢቀማ ለዳኛ ይጮኻል፤ ጩኸቱን የተቀማ ግን በምን ይጮኻል? በምሳሌያዊ አነጋገራችን ውስጥ ከዚህ ይበልጥ በጥቂት ቃል ብዙ በደል የሚናገር አላውቅም።

መልመጃ

1. በሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ «ጮኸ» ያለ ቦታው የገባበትን ለይታችሁ በሚስማማው ግሥ ተኩ፤ በቦታው ያለውን እንዳለ ተዉት።
ሀ. በረኛው ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽ አደረ።
ለ. ሙሽራዋ ስትገባ እናቶች ጮኹ።
ሐ. ፈረሱ ባለቤቱን ሲያይ ጮኸ።
መ. ነጋሪቱ ጮኾ ዐዋጅ ተነገረ።

2. «ጮኸልኝ»፣ «ጮኸብኝ»፣ «ጮክ ብሎ ነገረኝ» የሚሉትን ሐረጎች እያንዳንዳቸውን በሁለት ሁለት ዐረፍተ ነገር አግቡ። ዐረፍተ ነገሮቹ ማን ለምን ድምፁን እንዳነሣ የሚያስታውቁ ይሁኑ።

3. «ዶሮ ጮኸብን» በሚለው ሐረግ ውስጥ «ብ» የምታመለክተው ምንድን ነው? «አባቴ ጮኸብን» ከሚለው ጋር አስተያዩ።

4. በአካባቢያችሁ የሚነገሩ፣ በዚህ ትምህርት ያልተጠቀሱ፣ የእንስሳትን ድምፅ የሚገልጹ ግሦችን ከወላጆቻችሁ ወይም ከአያቶቻችሁ ጠይቃችሁ ጻፉ። ግሡ ለየትኛው እንስሳና በምን ጊዜ እንደሚነገር አብራሩ።

5. ስለ ዝናቡ ቀን የተጻፈውን ምስክርነት በክፍሉ አለቃ ፋንታ ሆናችሁ ከስምንት በማይበልጡ ዐረፍተ ነገሮች እንደገና ጻፉ። ያልታየና ያልተሰማ ነገር አትጨምሩ፤ መምህሩን ጥፋተኛ የሚያደርግ ቃልም አታግቡ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ደብተር ተለዋውጣችሁ፣ ጓደኛችሁ እንደ ኮሚቴው አባል ሆኖ ያንብበውና የሚጠይቀው ነገር ካለ በኅዳጉ ላይ ይጻፍላችሁ።